የአውቶቡስ ጎማ ስንት ንፋስ ይፈልጋል? መልሱ ያለው ሚዛን ላይ ነው

አዳማ ውስጥ አንድ ጎሚስታ ደጃፍ የቆመ የአውቶቡስ ሾፌር «ስንት ልሙላው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ነው፤ «ሁሉንም መቶ አስር አድርጋቸው።» ያ ቁጥር ለአንዱ አውቶቡስ ልክ ይመጣል፤ ለሌላው የፊቱን ያሳንሳል ወይም የኋላውን ያበዛል። አውቶቡሱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን ውስጡ የታመቀው ንፋስ ነው። ስለዚህ ልኩ የሚታወቀው እያንዳንዱ ጎማ ላይ ስንት ኪሎ እንዳረፈ ሲታወቅ ብቻ ነው። ሚዛን ላይ ወጥቶ የማያውቅ አውቶቡስ ንፋሱ የሚሞላው በግምት ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለትልቁ አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ለቅጥቅጥ፣ አልጋና ወጥ ቤት ተገጥሞለት ለጉብኝት ለሚወጣ ትልቅ መኪናም ያው ነው። ለመጨረሻው ዓይነት የውኃ ታንከሩን ሞልታችሁ መዝኑ፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው።

ጎማውን ማንበብ

በአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ልኮች አንዱ 295/80አር22.5 ነው። 295 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 80 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 22.5 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ከጎኑ 152/148ኤም የሚል ይኖራል። 152 ማለት ጎማው ለብቻው ሲገጠም፣ ማለትም ፊት ላይ፣ እስከ 3,550 ኪሎ ይችላል፤ 148 ማለት ኋላ ላይ በጥንድ ሲገጠም እያንዳንዱ እስከ 3,150 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። በጥንድ ሲሆን የሚቀንሰው ያለ ምክንያት አይደለም፦ መንገዱ አንድ ወገን ከፍ ባለ ቁጥር ከሁለቱ አንዱ ለቅጽበት ብቻውን ይሸከማል፣ መካከላቸው ያለው ሙቀትም በቀላሉ አይወጣም። «ኤም» የፍጥነት ፊደል ነው፤ በሰዓት እስከ 130 ኪሎ ሜትር።

ቀጥሎ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የክብደትና የንፋስ መስመር ፈልጉ። ለዚህ ልክ ብዙውን ጊዜ 850 ኪሎ ፓስካል ይላል፤ ይህም 8.5 ባር ወይም 123 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ሦስቱም የንፋስ ግፊት መለኪያዎች ናቸው፤ አንድ ባር 100 ኪሎ ፓስካል፣ 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ይሆናል። የሁሉም ፋብሪካ ቁጥር አንድ ስላልሆነ የሰው ጎማ ሳይሆን የራሳችሁን አንብቡ፤ የፊትና የኋላ ጎማችሁ የተለያየ ፋብሪካ ሥራ ከሆነ ሁለቱንም።

ብዙ ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ይህ ቁጥር «ይህን ያህል ሙላ» የሚል ትእዛዝ አይደለም። ጎማው የመጨረሻ ክብደቱን ሲሸከም በቀዝቃዛው ሊኖረው የሚገባውን ንፋስ ነው የሚናገረው። ክብደቱ ከዚያ ካነሰ ንፋሱም ያንሳል። ክብደቱ ከዚያ ከበለጠ ግን ንፋስ በመጨመር የሚካካስ ነገር የለም፤ ጭነቱ መውረድ ወይም ጎማው በሌላ ልክ መቀየር አለበት።

ሾፌሩ በር አካባቢ ያለው የፋብሪካ ሰሌዳም የራሱ ችግር አለው። ሰሌዳው የሚያገለግለው አውቶቡሱ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው የጎማ ልክ አሁንም ካለ ነው። በ11አር22.5 የወጣ አውቶቡስ ዛሬ 295/80አር22.5 ለብሶ ከሆነ የሰሌዳው ንፋስ አይሠራም። ቅጥቅጥ ላይ ደግሞ ይብሳል። የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ ቦዲ የተሠራለት መኪና ነውና፣ ሰሌዳው ስለዚያ ቦዲ፣ ስለ ወንበሮቹ፣ ጣሪያ ላይ ስለሚጫነው ዕቃ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሚዛን ላይ መውጣት

አዳማና ዙሪያዋ ባሉ የእህል መጋዘኖች፣ የብረት ነጋዴዎችና ፋብሪካዎች ግቢ የምድር ሚዛን ይገኛል፤ ትንሽ ከፍሎ መመዘን ይቻላል። ባዶውን መመዘን ብዙም አይጠቅምም። ናፍጣው ሞልቶ፣ ሰው ተሳፍሮ፣ ዕቃውም ተጭኖ መሆን አለበት። ሰው ይዞ መመዘን ካልተቻለ ባዶውን መዝናችሁ በእያንዳንዱ ወንበር ላይ 75 ኪሎ፣ ከዚያም የሻንጣና የጣሪያ ዕቃውን ደምሩ። ይህ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ ስለማይለይ ሁለተኛ ምርጫ ነው። በተለይ ሞተሩ ኋላ የሆነ አውቶቡስ በግምት አይከፋፈልም።

አመዛዘኑ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጥታችሁ አንብቡ። ቀጥሎ አውቶቡሱን ሙሉ በሙሉ አውጡ። በመጨረሻ የፊቱ ከሚዛኑ ወርዶ የኋላው ብቻ ሲቀር አንብቡ። የፊትና የኋላው ድምር ከሙሉው ጋር ካልተቀራረበ፣ ለምሳሌ የ200 ኪሎ ልዩነት ካመጣ፣ አንደኛው ንባብ ላይ ጎማ ጠርዝ ረግጧል ወይም ፍሬን ተይዟል፤ ድገሙት። ሚዛኑ ላይ ስትቆሙ ማርሹን ነጻ አድርጉ፣ ፍሬኑንም ልቀቁ፤ አለበለዚያ አንዱ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማ የተገጠመበት ዘንግ) ሌላውን ይገፋል።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል፦ ግራና ቀኙን ለየብቻ መመዘን። የሚዛኑ ዳር ከመሬቱ ጋር እኩል ከሆነ የግራውን ጎማዎች ብቻ አስወጥታችሁ ማንበብ ይቻላል። የነዳጅ ታንከር፣ ባትሪ፣ ስኮርታ፣ የዕቃ ክፍል አንድ ወገን ላይ ሲከማቹ በግራና በቀኝ መካከል ሁለትና ሦስት ኩንታል ልዩነት ቢገኝ የሚገርም አይደለም። ሒሳቡ የሚሠራው ሁልጊዜ በከባዱ ጎን ነው፤ ውጤቱ ግን ለሁለቱም ጎን እኩል ይሞላል። አንድ አክስል ላይ ግራና ቀኝ የተለያየ ንፋስ መሙላት በፍሬን ሰዓት አውቶቡሱን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል። ጎን ለጎን መመዘን ካልተቻለ የአክስሉን ክብደት ለጎማዎቹ አካፍላችሁ 5 በመቶ ጨምሩበት።

ከኪሎ ወደ ንፋስ

ከሁሉ የተሻለው የጎማው ፋብሪካ ራሱ የሚያወጣው የክብደትና የንፋስ ሠንጠረዥ ነው፤ ካገኛችሁት በእሱ ሥሩ። ካልተገኘ ለ295/80አር22.5 152/148 የሚከተለው ይጠቅማል። የሚሠራው የጎማው ጽሑፍ 850 ኪሎ ፓስካል የሚል ከሆነ ነው። በአንድ ጎማ የሚቻለው ክብደት፣ መጀመሪያ የፊት፣ ቀጥሎ በጥንድ ያለው የኋላ፦

6.5 ባር (94 ፒ.ኤስ.አይ.)፦ ፊት 2,860፣ ኋላ 2,540 ኪሎ
7.0 ባር (102)፦ ፊት 3,040፣ ኋላ 2,695
7.5 ባር (109)፦ ፊት 3,210፣ ኋላ 2,850
8.0 ባር (116)፦ ፊት 3,380፣ ኋላ 3,000
8.5 ባር (123)፦ ፊት 3,550፣ ኋላ 3,150

ለሌላ ልክ፣ ለቅጥቅጡም፣ በመቶኛ መሥራት ይቻላል። ጎማው የሚሸከመውን ጎኑ ላይ ለተጻፈው የመጨረሻ ክብደት አካፍሉ። 95 በመቶ ከሆነ ከተጻፈው ንፋስ 94 በመቶ፣ 90 ከሆነ 88፣ 85 ከሆነ 82፣ 80 ከሆነ 76 በመቶ ሙሉ። ከዚያ በታች አትውረዱ፤ ጎማው ቢያንስ ቅርጹን ጠብቆ መዞር አለበት።

አንድ አውቶቡስ እስከ መጨረሻው እናስላ። ፊቱ 6,000 ኪሎ፣ ኋላው 10,400 ኪሎ መዘነ እንበል። የፊቱ ግራ 3,100፣ ቀኙ 2,900 ነው። በ3,100 ሲታይ 7.0 ባር የሚችለው 3,040 ስለሆነ አይበቃም፤ 7.5 ባር፣ ማለትም 109 ይሆናል። የኋላው ከባድ ጎን 5,300 ነው፤ ለሁለት ጎማ ሲካፈል 2,650። ሠንጠረዡ ላይ 7.0 ባር 2,695 ይችላል፤ በወረቀት ላይ በቂ ነው። ግን ትርፉን እዩት፦ በአንድ ጎማ 45 ኪሎ፣ በዚያ ጎን በሙሉ 90 ኪሎ፤ አንድ ኩንታል አይሞላም። መቂ ላይ አንድ ኩንታል ሽንኩርት ጣሪያው ላይ ቢወጣ ትርፉ አለቀ። እንዲህ ጠርዝ ላይ ሲመጣ ምንጊዜም ወደሚቀጥለው ከፍ በሉ። ኋላውም 7.5 ባር ይሁን።

የዚህ አውቶቡስ ፊትና ኋላ አንድ ቁጥር ላይ መገናኘቱ አጋጣሚ ነው። የሌላው 8.0 እና 7.0 ሊመጣ ይችላል፤ እንደዚያው ይሞላ። ዛሬ ባዶ ነገ ሙሉ እየሆነ ለሚሄድ አውቶቡስ ሒሳቡ በሙሉው ቀን ክብደት ነው የሚሠራው። ጠዋት ጠዋት ንፋስ የሚቀንስና የሚጨምር ረዳት የለም፣ ቢኖርም ለስህተት በር ይከፍታል።

ከመሙላታችሁ በፊት የቸርኬውንም ልክ ተመልከቱ። አንዳንዱ ቸርኬ ላይ የሚችለው የመጨረሻ ንፋስ ተቀርጿል፤ ከጎማውና ከቸርኬው የሚያዘው ያነሰው ነው።

ቀዝቃዛ ማለት ምን ማለት ነው

እስካሁን የተባለው ቁጥር ሁሉ ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ቀዝቃዛ የሚባለው ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመና ፀሐይ ያልመታው ጎማ ነው። ስለዚህ የሚለካው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት፣ ባደረበት ነው። ከግቢው ወጥቶ ከተማውን አቋርጦ ጎሚስታው ዘንድ የደረሰ ጎማ ቀዝቃዛ አይደለም።

በ110 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ያለ ጎማ የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ ሲጨምር 4 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይጨምራል። አዳማ ላይ በ15 ዲግሪ የተለካ ጎማ አዋሽ 35 ዲግሪ ላይ ጥላ ሥር ቆሞ ቢውል እንኳን 8 ያህል ጨምሮ ይገኛል። እየሄደ ሲሞቅ ደግሞ ከጠዋቱ ልክ ከ10 እስከ 20 በመቶ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ፋብሪካው ይህን ጭማሪ አስቦበታል።

መተሐራ ወይም አዋሽ ላይ ቆሞ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ግን ጎማ ገዳይ ነው። ጠዋት 110 የነበረ ጎማ በሙቀት 128 ደረሰ እንበል። ረዳቱ ወደ 110 አወረደው። ያ ጎማ በማግስቱ ንጋት ሲቀዘቅዝ 94 አካባቢ ይገኛል። ከላይ ያለውን ሠንጠረዥ ተመልከቱ፦ በ94 የፊት ጎማ 2,860 ኪሎ ነው የሚችለው፣ የምሳሌያችን አውቶቡስ ግን 3,100 ያሳርፍበታል። የጎደለው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይበልጥ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ንፋሱ ይነሳል፣ ንፋሱ ሲነሳ እንደገና ይቀነሳል። ብዙ ጎማ የሚፈነዳው «በዝቶበት» ሳይሆን በዚህ ክብ ውስጥ ገብቶ ነው።

ከፍታም ትንሽ ድርሻ አለው። ቁልቁል ሲወረድ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ያነሰ ያሳያል፤ ከአዳማ እስከ ጅቡቲ ወደብ ድረስ ሦስት ፒ.ኤስ.አይ. አይሞላም። ከሙቀቱ ጋር ሲተያይ አትጨነቁበት።

መንገድ ላይ የሞቀ ጎማ ጠዋት ከነበረው ቁጥር ያነሰ ካሳየ ግን ያለ ጥርጥር ጎድሏል። ጉድለቱ 20 በመቶ ካልደረሰ (ከደረሰ መጨረሻ ላይ ያለውን ክፍል ተመልከቱ) በዚያው አክስል ካለው ጓደኛው ጋር እኩል አድርጋችሁ ሙሉት፣ የሚያፈስበትን ፈልጉ፣ በማግስቱ ንጋት እንደገና ለኩ። በተቃራኒው አንዱ ብቻ ከጓደኞቹ ጎላ ብሎ ከሞቀ እጃችሁን መጀመሪያ ወደ ቸርኬው አቅርቡ፦ ሙቀቱ ከቸርኬው ከሆነ ፍሬኑ ይዟል፤ ከጎማው ጎን ከሆነ ንፋሱ ጎድሏል ወይም ጭነቱ በዝቷል። ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወርደው መንገድ ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የሚወርድ ሾፌር የሁሉንም ቸርኬ ያሞቃል፤ ያኔ የተለካ ንፋስ ምንም አይነግራችሁም። በፍጥነት መንገዱ ላይ ደግሞ ተቃራኒው አደጋ አለ፦ ጎማው ሳያርፍ ረጅም ርቀት በአንድ ፍጥነት ስለሚሽከረከር በከተማ ውስጥ ያልታወቀ ጉድለት እዚያ ይወጣል።

ወቅትም ይቆጠራል። በግንቦት የተስተካከለ ጎማ በኅዳር ንጋት አራትና አምስት ፒ.ኤስ.አይ. ጎድሎ ይገኛል፤ ማንም አልነካውም፣ ብርዱ ነው። ከዚህ ሌላ ደህና ጎማም በወር አንድና ሁለት ያጣል። በሳምንት አንድ ቀን መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጥንዶቹና መለኪያው

የኋላ ጥንድ ጎማ በእግር ተመትቶ፣ በብረት ተንኳኩቶ አይታወቅም። 110 እና 80 የሆኑ ጎማዎች ለመዶሻ አንድ ዓይነት ድምፅ ሊሰጡ ይችላሉ፤ የውስጠኛው ሙሉ በሙሉ ቢተነፍስ እንኳን የውጪው ይዞት ስለሚቆም በዓይን አይታይም። ያኔ የውጪው ብቻውን የሁለቱን ክብደት ተሸክሞ ይሄዳል። ለዚህ የሚሆነው ረጅም አንገትና ፊትና ኋላ የሚያይ ሁለት አፍ ያለው የከባድ መኪና መለኪያ ነው፤ እስከ 160 ፒ.ኤስ.አይ. የሚያነብ ይሁን። መለኪያዎች ይዋሻሉ። በወር አንዴ ሁለት መለኪያ በአንድ ጎማ ላይ ሞክሩ፤ ከሦስት በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ፈልጉና የሚዋሸውን ጣሉ።

በጥንዶች መካከል የንፋስ ልዩነት ከ5 ፒ.ኤስ.አይ. አይለፍ። የጎደለው ዙሪያው ያጥራል፣ ከጓደኛው ጋር ግን አንድ ላይ ታስሯል፤ ስለዚህ በየኪሎ ሜትሩ ሁለት ሜትር ያህል እየተጎተተ ይሄዳል። ጥርሱ በመሰላል መልክ ወይም በአንድ ጎን የሚበላው ከዚህ ነው። አዲስና አሮጌ ማጣመርም ያው ጉዳት አለው፤ የጥርሳቸው ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ አታጣምሯቸው።

ለውስጠኛው ጎማ የቫልቭ ማራዘሚያ ከተገጠመ ጫፉ በደንብ ይታሰር፤ እየተንቀጠቀጠ ራሱ ያፈሳል። ክዳኑ የብረት ይሁን፣ ውስጡ ጎሚኒ ያለው። አቧራ የገባበት ቫልቭ ከለካችሁት በኋላ ሳይዘጋ ይቀራል፤ በሳሙና አረፋ ፈትሹት።

የጎሚስታውን ኮምፕሬሰርም ጠይቁ። ብዙው ትንሽ ኮምፕሬሰር በ8 ባር ራሱን ያቆማል፤ 8.5 ባር የሚፈልግ ጎማ ከእሱ አይሞላም፣ የግፊት መለኪያ ሰዓቱ ምንም ቢል። ታንከሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ጠዋት ጠዋት የማያፈስ ቤት ከሆነ ውኃው ወደ ጎማችሁ ይገባል። ናይትሮጅን ይሞላልን ለሚሉ፦ አየሩ ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ገንዘቡን ለጥሩ መለኪያ አውሉት።

የጎደለ ጎማ ሲገኝ

ከልኩ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ጎድሎ የሄደ ጎማ፣ ማለትም የ110 ጎማ 88 እና ከዚያ በታች ሆኖ ከተገኘ፣ ንፋስ ሞልቶ መሄድ የለም። በጎኑ ውስጥ ያሉት የብረት ሽቦዎች እየታጠፉ ተሰብረው ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ሲሞላ ጎኑ እንደ ዚፕ ይቀደድና አጠገቡ ያለውን ሰው ይገድላል። ጎማው ከቸርኬው ይውጣና ውስጡ ይታይ፦ የተሸበሸበ፣ ቀለሙ የተቀየረ፣ የላስቲክ ዱቄት ያለበት ከሆነ ይጣላል።

ጥንዱን ለመፍታት ዳዶውን ከመንካታችሁ በፊት የሁለቱንም ንፋስ አውጡ። ሲሞላ ደግሞ በብረት ሳጥን ውስጥ፣ ራሱ የሚነክስ አፍ ባለው ቢያንስ 3 ሜትር ቱቦ፣ ከጎማው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጥርሱ በኩል ቆማችሁ ይሁን። ባለ 20 ኢንች ጎማ ቀለበት ባለው ቸርኬ ላይ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ቀለበቱ በትክክል ሳይገባ የተሞላ ጎማ ቀለበቱን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል። ንፋስ ያለበትን ቀለበት በመዶሻ እየመቱ ማስገባት በየትኛውም ጎሚስታ ቤት ሲሠራ ካያችሁ አውቶቡሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ያገኛችሁትን ቁጥር በየጎማው በላይ ቦዲው ላይ በቀለም ጻፉት፣ «ቀዝቃዛ» የሚለውን ቃል ጨምራችሁ። ሾፌር ይቀየራል፣ ረዳት ይቀየራል፣ ጽሑፉ ይቆያል። ስኮርታው በአውቶቡሱ ላይ ካለው ከፍተኛው ልክ ጋር እኩል ይሞላ፤ በረሃ መሃል ንፋስ መቀነስ ይቻላል፣ መጨመር ግን ኮምፕሬሰር ይፈልጋል።